የ«ሲ» ሊቃውንት

ሰኔ ሲገባ ሐዋሳ ላይ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ዝናብና የፈተና አማካሪ። ዝናቡ አንዳንዴ ያባራል።

የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያለበት ቤት እንደ ለቅሶ ቤት ነው። ሰው ሳይጠራ ይመጣል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ «አይዞአችሁ» ብሎ ይወጣል። ልዩነቱ፣ ለቅሶ ደራሽ ሟቹን አይመክርም።

በእኛ ሰፈር ዘንድሮ ተረኛው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ጭምት ልጅ ነው፤ መጽሐፍ ይዞ ደጃፍ ላይ ቁጭ ካለ ግን ማንም ዝም ብሎ አያልፈውም። ቀድመው የደረሱለት የዓሣ ወገኖች ናቸው። በእነሱ እምነት የፈተና ነገር የሚያልቀው ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ነው። ዓሣ ፎስፈረስ አለው፣ ፎስፈረስ ለአእምሮ ነው፣ እንግዲያውስ ፊዚክስ ያልገባው ልጅ ሾርባ ይጠጣ። እናቱም የቆሮሶ ዓሣ ራስ እየቀቀለች አጠጣችው፤ ራስ ለራስ ነው መቼም። አክስቱ ሾርባውን አልተቃወመችም፤ ብቻ አናቱ ላይ ለጋ ቅቤ ይጨመርበት አለች። ቅቤው በግንባሩ እየወረደ ስለ ኤሌክትሪክ መስክ ሲያነብ አየሁት። ጠብ ያለው ቅቤ ወረቀቱን እንደ መስታወት አድርጎት የጀርባው ገጽ ወደ ፊት ይታይ ስለነበር፣ ልጁ ሁለት ገጽ በአንድ ጊዜ እያጠና ነበር። አክስቱ ይህንንም የቅቤው ውጤት አድርጋ ሳትቆጥረው አልቀረችም።

ቀጥለው የመጡት የ«ሲ» ሊቃውንት ናቸው። መሪያቸው ከፒያሳ ሐይቅ ዳር የሚመላለስ የባጃጅ ሾፌር ነው። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ካላወቅህ «ሲ» በል። ለምን ቢባል ፈተና አውጪም ሰው ነዋ! መልሱን «ኤ» ላይ ቢያስቀምጠው ቶሎ ይገኝብኛል ብሎ ይሰጋል፤ «ዲ» ላይ ቢያደርገው ደግሞ የደበቀው ይመስልበታል። ስለ «ቢ» ስጠይቀው ተሳፋሪ አስቁሞት ሳይነግረኝ ቀረ። ከእሱ ሥር የወጡ ቅርንጫፎችም አሉ። ረጅሙን ምርጫ ያዝ የሚሉ፤ «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚል ካለ ሌላውን አታንብብ የሚሉ፤ «ቢ» ሦስት ጊዜ ከተከታተለ አራተኛው «ቢ» ሊሆን አይችልም ብለው ልጁ የሚያውቀውን መልስ የሚያስፍቁ። አደገኞቹ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው። በየዓመቱ የከተማውን ላጲስ የሚጨርሱት እነሱ ይመስሉኛል።

እስቲ እናስላው። አራት አራት ምርጫ ያላቸውን መቶ ጥያቄዎች ዓይንን ጨፍኖ «ሲ» ቢሏቸው በአማካይ የሚገኘው 25 ነው። ማለፊያው 50 ነው። ሊቃውንቱ እኩል መንገድ ድረስ ይሸኛሉ፤ የቀረው በእግር ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በዓመቱ ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን ስሰማ «ሲ» ከሐዋሳ ወጥታ አገር አዳረሰች ማለት ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

ግምት ግን ጨርሶ አይናቅም። 33 ጥያቄ አውቆ የሠራ ልጅ የቀረውን 67 ቢገምት ወደ 17 ገደማ ይጨመርለታል፤ 50 ደጃፍ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱን በእውቀት ካስወጣማ ዕድሉ እኩል በእኩል ይሆናል። ቀላሉን ቀድሞ መሥራት፣ የከበደውን ምልክት አድርጎ መዝለል፤ ከዘለሉ ደግሞ መልስ መስጫው ላይም ያንኑ ረድፍ ባዶ መተው። ይህቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች። 14ኛውን ዘሎ የ15ኛውን መልስ በ14 ቁጥር ያጠቆረ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉንም አውቆ ሁሉንም ይስታል። ይህን ለልጁ የነገረው አንድም ሰው አልነበረም። ስለ ቅቤው ግን ያልነገረው የለም።

የሚያሳዝኑኝ የድሮዎቹ የኩረጃ መምህራን ናቸው። ፈተናው በየትምህርት ቤቱ በሚሰጥበት ዘመን ክብር ነበራቸው። አንድ ምዕራፍ በክብሪት ቀፎ ልክ አጤሬራ ላይ ያሰፍሩ ነበር፤ በሳልም ይግባባሉ፤ አንዴ ሲሳል «ኤ»፣ ሁለቴ ሲሳል «ቢ»። ጉንፋን የያዘው ተፈታኝ የመጣ ቀን የሆነውን አልተርክም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ራሱ ሾልኮ ወጥቶ ሲሰረዝ በእጅ ጥበባቸው ላይ የጅምላ ንግድ ገባበት። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ደግሞ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እያደረ፣ ስልኩን ውጭ ትቶ ይፈተን ጀመር፤ በ2016 የተወሰነው በኮምፒውተር ተፈተነ። አንዱ አንጋፋ ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ለኮምፒውተር ይሳላል?» ብሎ ተከዘ።

በቀደም ወደ መናኸሪያ ስሄድ የ«ሲ»ው ሊቅ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። መንገድ ላይ ትዝ አለኝ፤ መንጃ ፈቃድም የጽሑፍ ፈተና አለው፣ እሱም ምርጫ ነው።

«አንተ ያኔ ሁሉንም ‹ሲ› አልክ?» አልኩት።

ፍሬን ያዘ።

«ጋሼ ምን ነካዎት? መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ነው እንጂ! የሰው ሕይወት በግምት ይነዳል እንዴ?»