ማስተካከያ፦ የሎሚ ውሃ የደምን ፒኤች አይቀይርም

ባለፈው ጽሑፌ «ጠዋት በባዶ ሆድ የሎሚ ውሃ መጠጣት የደምን አሲድ ይቀንሳል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ማስረጃ ያደረግሁት የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ቀለሙን መቀየሩን ነው። ወረቀቱ ግን የሚለካው ሽንትን እንጂ ደምን አይደለም።

ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል አሲዱ በዝቷል ማለት ነው። የጤነኛ ሰው ደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይቆያል። ሎሚ ጠጣን፣ ሥጋ በላን፣ ያው ነው። የሽንት ፒኤች ግን ከ4.5 እስከ 8 ድረስ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ኩላሊት ትርፉን የሚያስወግደው በሽንት ነውና። ቀለሙ ተቀየረ ማለት ኩላሊት ሥራውን ሠራ ማለት ነው፣ በቃ። ሎሚውን ከወደዳችሁት ግን ጠጡ፣ እኔም አልተውኩትም።

ሌላም ስህተት አለ። የደምን አሲድ የማመጣጠኑን ሥራ ሁሉ ለኩላሊት ሰጥቼ ሳንባን ዘልዬዋለሁ። አሲድ ሲበዛ መጀመሪያ የሚቀበለው ደም ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት የተባለ አሲድ የሚያረክስ ንጥረ ነገር ነው፤ ያውም በቅጽበት። ከዚህ የሚፈጠረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳንባ ወደ ውጭ ይተነፍሰዋል። ደረጃ ሮጠን ስንወጣ ቁና ቁና የምንተነፍሰው በከፊል ለዚህ ነው። ሳንባ በደቂቃዎች ውስጥ ምላሽ ይሰጣል። ኩላሊት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው፤ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጅበታል። ሆኖም በትንፋሽ የማይወጣውን አሲድ የሚያስወግደው እሱ ነው።

አንድ አንባቢ «የስኳር ሕመምተኛ እናቴን ሎሚ ላጠጣት?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ የሚያስመልሰውና በጥልቀት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ደሙ ውስጥ አሲድ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሎሚ ሳትፈልጉ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።