የሁለት ሳንቲም ደመወዝ

እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካ ውስጥ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ የቤት ኪራዩ ተቀንሶ የደረሰው የደመወዝ ቼክ ሁለት ሳንቲም ነበር። አልመነዘረውም፤ ለማስታወሻ አስቀመጠው። ይህን የተናገረው በሠራተኞቹ ከተማ ያገለግል የነበረ ፓስተር ነው።

አሠሪውም አከራዩም አንድ ነው፤ ጆርጅ ፑልማን። ተሳፋሪ ተኝቶ የሚሄድበትን የባቡር ፉርጎ እየሠራ የከበረው ይህ ሰው ከቺካጎ በስተደቡብ በ1880 ከተማ መሥርቶ በራሱ ስም ጠራት። የጡብ ቤት፣ ጋዝ፣ ውሃ፣ ቴአትር፣ ምን የጎደለ ነገር ነበር? ብቻ ሁሉም በክፍያ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ያስከፍላል። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር የሚከራይ ስለነበር፣ ዋጋውን የሚችል ምእመን ጠፍቶ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ቆመ። ፑልማን ከከተማዋ በዓመት 6 በመቶ ትርፍ ይጠብቅ ነበር።

ስለዚያ ዘመን ባለጸጎች ሲወራ «ጨካኞች ነበሩ ወይስ ለጋሶች?» የሚለው ክርክር ይሰለቸኛል። ሠራተኛ ንጹሕ ቤት ቢያገኝ ጥሩ ሰው ይሆናል የሚለው የፑልማን እምነት የውሸት አይመስለኝም። ጥያቄው ስለ ልቡ አይደለም፤ የገመዱን ሁለቱንም ጫፍ የያዘው ማን ነበር የሚለው ነው።

በ1893 የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ደመወዝ በአማካይ ሩብ ያህል ተቆረጠ። ኪራይ አልተነካም። ባለአክሲዮኖችም የለመዱትን 8 በመቶ የትርፍ ድርሻ አላጡም። ሠራተኞቹ በግንቦት 1894 ሥራ አቆሙ፤ በዩጂን ዴብስ የሚመራው የባቡር ሠራተኞች ማኅበርም የፑልማን ፉርጎ የተቀጠለበትን ባቡር አንነካም አለ። ከቺካጎ ወደ ምዕራብ የሚሄደው አብዛኛው ባቡር ቆመ። (ይኸው ማኅበር ዴብስ እየተቃወመ እንኳ ጥቁሮችን በአባልነት አልቀበልም ብሏል። ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ወይም የባሪያ ልጆች የነበሩት፣ ተሳፋሪው ሁሉ በባለቤቱ ስም «ጆርጅ» እያለ የሚጠራቸው የፉርጎ አስተናጋጆች ከትግሉ ውጭ ቀሩ።)

ጉዳዩ ዋሽንግተን ሲደርስ የያዘው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሪቻርድ ኦልኒ ነው። ከሹመቱ በፊት የባቡር ኩባንያዎች ጠበቃ ነበር፤ ከተሾመም በኋላ አንድ የባቡር ኩባንያ ከመንግሥት ደመወዙ የሚበልጥ ገንዘብ ይከፍለው ነበር። ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ማለት ይህ ነው። አድማውን የሚከለክል የፍርድ ቤት እግድ አስወጣ፤ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድም ቺካጎ የምትገኝበት የኢሊኖይ ግዛት አገረ ገዥ አልትጌልድ እየተቃወሙ ጦር ላኩ። ሰዎች ሞቱ፤ ዴብስ ስድስት ወር ታሰረ። የፑልማን ኩባንያ ጠበቃ ደግሞ ሮበርት ሊንከን ነበር፤ የአብርሃም ሊንከን ልጅ። ኋላም ኩባንያውን በፕሬዚዳንትነት መራው።

ፑልማን በ1897 ሲሞት ቤተሰቡ ሬሳው እንዳይደፈር ፈርቶ በኮንክሪትና በሐዲድ ብረት ውስጥ አስቀበረው። በዓመቱ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለኩባንያው የተሰጠው ፈቃድ ፉርጎ ለመሥራት እንጂ ከተማ ለማከራየት አይደለም ብሎ ቤቶቹን እንዲሸጥ አዘዘ።