የሸገር ደርቢን ወደ ሸገር መልሱት

የሁለቱ የአዲስ አበባ ክለቦች፣ የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ በዋንጫ ብዛት ቢለካ ኖሮ ደርቢ የሚለው ስም ባልተሰጠውም ነበር። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ከተጀመረ ወዲህ ቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ 2015 ድረስ 16 ጊዜ በልቶታል፣ ኢትዮጵያ ቡና ደግሞ አንዴ፣ እሱም በ2003 በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ጊዜ። ከፕሪሚየር ሊጉ በፊት 1989 ላይ የወሰድነው አለ፣ እሱን ብትጨምሩም ልዩነቱ የትና የት ነው። እኔ ቡና ነኝ፣ ይሄን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም ግን እውነቱ ይሄው ነው። እንደዛም ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ የሚወድ ሰው አዲስ ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ጊዮርጊስ ነህ ቡና?" ብሎ ነው፣ አርሰናልና ማንቼ የሚመጡት ከዛ በኋላ ነው።

ለምን እንደዚህ ሆነ ብዬ ሳስብ መብራት ኃይል ነው ትዝ የሚለኝ። መብራት ኃይልም የአዲስ አበባ ክለብ ነው፣ የመጀመሪያውን ፕሪሚየር ሊግ በ1990 የበላው እሱ ነው፣ 1993 ላይም ደግሞታል፣ ዮርዳኖስ ዓባይ በዛ ዓመት 24 ጎል አግብቶ ሪከርድ ይዞ ስንት ዓመት ቆየ፣ ጌታነህ ከበደ በደደቢት ማሊያ 2009 ላይ 25 አድርጎ እስኪሰብረው ድረስ ማለት ነው፣ እሱንም አቡበከር ናስር በቡና ማሊያ 2013 ላይ በ29 አለፈው። ሜዳ ላይ ካየነው በዛ ዘመን ጊዮርጊስን ከቡና በላይ የፈተነው መብራት ኃይል ነው። ደደቢትም በኋላ መጥቶ 2005 ላይ ዋንጫውን ወስዷል። ግን የጊዮርጊስና የመብራት ኃይል፣ የጊዮርጊስና የደደቢት ጨዋታ ብሎ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣ ሰው አላውቅም። ደርቢውን ደርቢ ያደረገው ትሪቡኑ ነው፣ ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ የዚች ከተማ ሰው ነው። ለዚህ ነው ደርቢው ከከተማው ሲወጣ ዝም ማለት የከበደኝ።

ጊዮርጊስ የተመሰረተው በታኅሣሥ 1928 ነው። ልብ በሉ፣ ጣልያን ድንበር ጥሶ ገብቶ ጦርነቱ እየተካሄደ ነው፣ አዲስ አበባ ልትያዝ ወራት ነው የቀራት፣ በዛ መሀል አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ያሉ ልጆች አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከፊት ሆነው ቡድን አቋቋሙ። ከዛ ጣልያን ገባ፣ ነጭና አበሻ አንድ ሜዳ ላይ እንዳይጫወት ከለከለ፣ ለሀገሬው ቡድኖች ለብቻቸው ውድድር አደረገ፣ የጊዮርጊስንም ስም ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ብሎ ቀየረው። ስሙን ቀየረው እንጂ ልጆቹን መቀየር አልቻለም። ከነዚህ ልጆች አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነው፣ 23 ዓመት ለጊዮርጊስ የተጫወተ፣ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ሆኖ ከ1964 እስከ ሞተበት 1979 ድረስ አህጉሩን የመራ። መንግሥቱ ወርቁም የጊዮርጊስ ነው፣ 1954 ላይ እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ ጎል ያገባው። የጊዮርጊስ ደጋፊ "እኛ እኮ ታሪክ ነን" ሲል የቡና ልጅ ይናደዳል፣ እኔም እናደዳለሁ፣ ግን ውሸት አይደለም። ደርግ መጥቶ ደግሞ ክለቡ በቢራ ፋብሪካው ስም የተጠራበት ዘመን አለ፣ ስሙ ሁለቴ ተቀይሮበት ሁለቴም ተመልሶለታል፣ ያስመለሰለትም ያው ደጋፊው ነው።

ቡና የመጣው ከዛ ሁሉ በኋላ በ1968 ነው፣ በቡናው ዘርፍ ከሚሰሩ ሠራተኞች መሀል፣ ድሮ ቡና ገበያ ነበር የሚባለው፣ አሁንም ትልልቅ ሰዎች እንደዛ ብለው ይጠሩታል። ጊዮርጊስ 40 ዓመት ቀድሞታል ማለት ነው፣ በ40 ዓመት የበለጠህን ክለብ እኩያህ አድርገህ መቆም እንዴት ይቻላል? ቡና ያደረገው በአጨዋወት ነው። ካሳዬ አራጌን ያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየራል፣ ኳስ ይዞ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚጫወት ልጅ፣ ኋላም አሰልጣኝ ሆኖ ሲመለስ ከግብ ጠባቂ ጀምሮ በአጭር ቅብብል ካልሆነ አልጫወትም ያለ ሰው። የቡና ደጋፊ ተሸንፎም ቢሆን ኳሱ ቆንጆ ከነበረ ያጨበጭባል፣ አሸንፎም ረጅም ኳስ ሲለጋ ከዋለ ያጉረመርማል፣ ይሄ ባህል የትም ብትሄዱ በቀላሉ አይገኝም። እና ደግሞ አል አህሊ አለ። 1990 ላይ በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ቡና የግብፁን አል አህሊ ከሜዳው ውጪ ባገባው ጎል ጥሎት አለፈ፣ አል አህሊን! ጊዮርጊስ በበኩሉ 2005 ላይ የኮንፌዴሬሽን ካፕ ምድብ ገብቷል፣ 2009 ላይ ደግሞ የቻምፒየንስ ሊግ ምድብ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኗል። አንዱ ባይኖር ሌላኛው እዚህ ይደርስ ነበር ብዬ አላምንም፣ ሁልጊዜ ከጎንህ የሚያይህ ሰው አለ።

አሁን የደርቢን ቀን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ጨዋታው 10 ሰዓት ነው እንበል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስታዲየም ዙሪያ ሰልፉ ተጠማዝዟል። መስቀል አደባባይ በኩል ቢጫና ቡናማ፣ በሌላው በኩል ደረቱ ላይ ቪ ያለበት ማሊያ። ቆሎ የሚሸጡ፣ ስካርፍ የሚሸጡ፣ ቲኬት አልቆ ሳለ "አለኝ" የሚሉ። ከአንድ ቤት ተነስተው አንድ ታክሲ ይዘው የመጡ ወንድማማቾች ለገሃር ላይ ወርደው ይለያያሉ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ፣ ማታ ራት ላይ እስኪገናኙ አይነጋገሩም። ውስጥ ስትገባ ቦታው ራሱ ስም አለው፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፣ ማንም በቢሮ ቁጭ ብሎ ያወጣው ስም አይደለም፣ ተመልካቹ ነው ያወጣው። ጨዋታው ሊጀመር 3 ሰዓት ሲቀረው ትሪቡኑ ሞልቶ ጭፈራው ተጀምሯል፣ አንዱ ወገን ይዘፍናል፣ ሌላው ግጥም ገጥሞ ይመልስለታል፣ እዛው የተፈጠረ ግጥም ነው፣ የሳምንቱ ወሬ፣ የኑሮ ውድነቱ፣ የፌዴሬሽኑ ነገር ሁሉ ይገባበታል። ብሔርህ ማነው ሰፈርህ የት ነው የሚልህ የለም፣ ማሊያህ በቂ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ በተለይ ባለፉት ዓመታት ሁሉ ነገር በዘር በሚመነዘርበት ሀገር ውስጥ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ምን ሆነ? 2013 ላይ ሊጉ የቴሌቪዥን መብቱን ለዲኤስቲቪ ለ5 ዓመት ሸጠ፣ ጨዋታዎቹም ክለቦቹ በሙሉ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው እየቆዩ ወደ ሌላ ከተማ በሚዞሩበት አሰራር መካሄድ ጀመሩ፣ ኮሮናም ስለነበር ሰው ብዙም አልተቃወመም። ከዛ አዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሚፈልገውን ደረጃ አያሟላም ተባለና ለእድሳት ተዘጋ፣ ብሄራዊ ቡድኑ እንኳን "በሜዳው" የሚጫወተውን ጨዋታ ማላዊ ድረስ ሄዶ ተጫወተ። የሸገር ደርቢም አዳማ፣ ሀዋሳ፣ ድሬዳዋ እየዞረ ዓመታት አለፉ። 2008 ላይ ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየምም በነዚያ ዓመታት አልደረሰልንም።

የቲቪውን ገንዘብ አልጠላም፣ ክለቦቹ ደሞዝ መክፈል አቅቷቸው ስናይ ነው የኖርነው፣ ኳሳችን በጥራት መታየቱም ጥሩ ነው፣ ዱባይና ዋሽንግተን ያለው ልጅም የማየት መብት አለው። የክልል ከተሞች ሰዎችም እንግዳ ተቀባይነታቸውን አልረሳም። ግን ከመርካቶ ተነስቶ ድሬዳዋ ደርሶ መመለስ ለአንድ የቀን ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት፣ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ከሥራ የቀረበት ቀን። የሚሄዱ አሉ፣ በአውቶብስ ተጭነው ሌሊቱን ተጉዘው የሚሄዱ፣ ክብር ለነሱ። አብዛኛው ግን ቀረ። አባት ልጁን ይዞ ስታዲየም የሚሄድበት ነገር ቆመ፣ እኔን በጣም ያሳሰበኝም ይሄ ነው፣ በ2013 የ8 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ጎረምሳ ነው፣ ያ ልጅ የስክሪን ደጋፊ ሆኖ ነው ያደገው፣ ስክሪን ላይ ደግሞ ማንቸስተር ሲቲ አለ፣ ከሱ ጋር መወዳደር አንችልም። እኛ የምንበልጠው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሄደህ የምታየው በመሆኑ። ፒያሳ ራሷ 2016 ላይ ግማሽ ጎኗ ፈርሶ ጊዮርጊስን ያወጡት ሰፈሮች ሰው ተበትኗል፣ ያ ሰው ተመልሶ የሚገናኝበት አንድ ቦታ ቢኖር ትሪቡኑ ነበር።

ጸጥታ የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ ወንበር የተወረወረበት፣ ሰው የተፈነከተበት ደርቢ አለ፣ ስድቡም አንዳንዴ እናት ላይ ይደርሳል፣ ይሄን ማንም ደጋፊ ነኝ የሚል ሰው ሊከላከልለት አይገባም። መፍትሄው ግን ጨዋታውን ማሸሽ አይደለም። ሁለቱም ክለቦች የተደራጀ የደጋፊ ማህበር አላቸው፣ አስተባባሪዎቹ የትኛው ልጅ የቱ ጋ እንደሚቀመጥ በስም ያውቃሉ፣ በርና ቲኬት ለየብቻ ተደርጎ እነሱ ከፖሊስ ጋር ቢሰሩ የሚያቅት ነገር አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሊጉ አክሲዮን ማህበርም ለከተማ አስተዳደሩም አንድ ነው። የቀረው ውድድር የትም ይሁን የት፣ የሁለቱ ክለቦች ሁለት የደርቢ ጨዋታዎች በየዓመቱ አዲስ አበባ ላይ እንዲደረጉ በደንብ ተጽፎ ይቀመጥ፣ ፕሮግራም ሲወጣ መጀመሪያ የሚያዙት ቀኖች እነሱ ይሁኑ፣ የቴሌቪዥን ውል ሲታደስም እንደ ቅድመ ሁኔታ ይግባ። ካሜራውን ለሁለት ቀን ማምጣት ከተቻለ ይበቃል። የቲኬቱ ዋጋም የካታንጋን ሰው የሚያስቀር እንዳይሆን። የሁለቱ ደጋፊ ማህበራት ደግሞ ለየብቻ መግለጫ ከማውጣት አንድ ደብዳቤ ላይ አብረው ይፈርሙ፣ በቡና በኩል እኔ ነገ ጠዋት ለመፈረም ዝግጁ ነኝ፣ ከጊዮርጊስ በኩል ማነው የሚመጣው?