ለእሁዱ መካኒካችን ዕድሜ ይስጥልን

በየሰፈሩ አንድ አይጠፉም። አዘቦቱን ቢሮ ይውላሉ፤ እሁድ ግን ከቅዳሴ መልስ ቁርሳቸውን ቀምሰው፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዘው ግቢው መሀል ይቀመጣሉ። ፊታቸው የቆመው ሞተር ሳይክል ትናንት ማታ በአንድ እርግጫ የተነሳ ጤነኛ ነው። ጤነኛን ማከም ደግሞ የእሳቸው ጸጋ ነው።

ሥራ አይቆጥቡም። ተራ ሰው ዘይት ቀይሮ፣ አስነስቶ፣ ድምፁን ሰምቶ ነው ወደ ሌላው የሚያልፈው። እሳቸው ዘይቱን፣ እሳት የሚረጨውን ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያውን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶርና የቫልቮላውን (የአየርና የጭስ በሩን) ክፍተት በአንድ ጠዋት ያጠናቅቃሉ፤ መሀል ላይ መሞከር ምን ያደርጋል? ከሰዓት በኋላ ሞተሩ እምቢ ሲል ከአምስቱ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ እግዜር ብቻ ይወቀው። መጨረሻ ወደነካኩት ነገር ተመልሶ ማየት የሚባለው ዘዴ በራሱ ለማይተማመን ሰው የተተወ ነው።

ካርቡራቶሩ ላይ ያላቸውን እጅ ማየት ነው። ቤንዚን የምታሳልፈውን፣ ጄት የምትባለዋን የናስ ቁራጭ ፈሪ ሰው በማጠቢያ ነክሮ በአየር ይነፋታል። እሳቸው በብረት ሽቦ ይጎረጉሯታል። ቀዳዳዋ አንድ ሚሊ ሜትር ስለማትሞላ ትንሽ ጉርጎራ ያሰፋታል፤ ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ቤንዚን እንደ ጠላ ይጠጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ድሮውንም ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ሲወጣ ታዲያ ፍርዳቸው ፈጣን ነው፦ «ፎርጅድ ነው!» አዲስ ይገዛል። እሱም ይጠቁራል። እሱም ፎርጅድ ነበር።

የሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚሠራበትን) ድብልቅ የምታስተካክለውን ብሎን ከመፍታት በፊት በቀስታ እስከ መጨረሻው አስገብቶ ዙሩን መቁጠርና መጻፍ ደንብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ዙር ትሆናለች። እሳቸው በስሜት ይመልሷታል። በካርቡራቶሩና በሞተሩ ራስ፣ በቴስታታው፣ መካከል የምትገባው የጎማ ቀለበትስ? ጨርቁ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። ስንጥቁ አየር ይስባል፣ ሚኒሞ አይይዝም፣ ጋዙ ተለቆም ሞተሩ ይጮኻል። ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ቦቢና»። ምክር በነጻ ነው፣ ማን ይከለክላል።

ካንዴላ ፈትቶ ጫፉን ማየት ቀላል ነው፦ ከብዙ እርግጫ በኋላ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ ከራሰ ደግሞ ወይ ብዙ ቤንዚን ገብቷል ወይ እሳት የለም። ያን ጊዜ ካንዴላውን ከኮፍያው ጋር አያይዞ፣ ከቀዳዳው አርቆ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነክቶ መርገጥ ነው፤ ሰማያዊ ፍንጣሪ ካየን ጥፋቱ ከእሳቱ አይደለም። ይህ ግን ለታላቅ ሰው ያንሳል። እሳቸው ካንዴላውን ይመልሱና ቴስታታው እስኪያቃስት በቁልፍ ያጠብቁታል። በእጅ አስገብቶ፣ አዲስ ከሆነ ከነካ በኋላ ግማሽ ዙር ያህል ብቻ መጨመር? አሉሚኒየሙ ጥርሱን ሲያረግፍ ማን ያየዋል!

ቫልቮላው ላይ ሲደርሱ ግን ባርኔጣ ማውለቅ ያስፈልጋል። ፒስተኑ ጫፍ መድረሱን የምታሳየው የ«ቲ» ምልክት በአንድ የሥራ ዑደት ሁለት ጊዜ ብቅ ትላለች፤ አራት ምት ሞተር ለአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ይዞራልና። ትክክለኛዋ ሁለቱም የቫልቮላ ክንዶች በእጅ ሲነቀነቁ ትንሽ የሚጫወቱባት ናት። እሳቸው ሌላዋን፣ ክንዶቹ ጥብቅ ያሉባትን ይመርጣሉ፤ እዚያ ላይ ክፍተት ሲሰጡ ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንኳኳል። በሆንዳ ሲጂ 125 መለኪያው ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ እጅ ብሎኑን በካቻቢቴ ሳይዙ ዳዶውን ሲያጠብቁ ብሎኑም አብሮ ይዞራል፤ ክፍተቱ ይጠፋል። ቫልቮላው በደንብ አይዘጋም፣ እርግጫው ይለሰልሳል። ቀዝቃዛው ሞተር ይነሳል፤ ሲግል ቫልቮላው ይረዝምና ሞተሩ ይጠፋል። እየጋለ እንዲህ ከተነዳ የጭስ ማውጫው ቫልቮላ ይቃጠላል። ለዚህም መድኃኒቱ ይታወቃል፦ ካንዴላ መቀየር።

ዘይቱማ ሞልቶ ፈስሷል፤ አንድ ሊትር አካባቢ ለሚበቃው የወሰዱት ጋሎኑን ነው። ትርፉ በመተንፈሻው ወጥቶ የአየር ማጣሪያውን አርሶታል። የመኪና ዘይት ከሆነማ ከነማለስለሻው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። የተረፉት ሦስት ብሎኖች ደግሞ ፋብሪካው አብዝቶ ያስገባቸው ናቸው።

ሲመሽ የቤንዚኑ ሩቢኔቶ መዘጋቱን፣ እጀታው ላይ ያለው ማጥፊያም «ጠፍቷል» ላይ መሆኑን ያየው የጎረቤት ልጅ ነበር። ነገረ ፈጅ ተብሎ ተባረረ።

ማክሰኞ የሰፈሩ ሱቅ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የሚሸጥ ሞተር ሳይክል። ንጹህ፣ ሞተሩ ያልተፈታ።»