ጎመኑን አጣጥሎ እንክብሉን መሸጥ

ሰሞኑን በድሬዳዋ በአንድ የሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ የቀረቡ እንግዳ፣ ያረጡ ሴቶች ሁሉ አጥንታቸው እንዳይሳሳ የቫይታሚን ኬ እንክብል መውሰድ እንዳለባቸው ከመከሩ በኋላ «ጎመንማ እሳት ሲነካው ቫይታሚኑ ይጠፋል» ሲሉ አከሉበት። አዘጋጁም «እንዴት ሆኖ?» ብሎ ሳይጠይቅ እንክብሉ የት እንደሚገኝ ወደ ማስነገር አለፈ።

እንግዳው ቫይታሚን ኬን ከቫይታሚን ሲ ጋር አምታተውት ይሆናል ብዬ በበጎ ልተርጉምላቸው። በሙቀት ክፉኛ የሚጎዳው ሲ ነው፤ ኬ ግን የድስትን ሙቀት በደህና ይችላል። ለአንዲት አዋቂ ሴት በቀን ይበቃል የሚባለው 90 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ግማሽ ኩባያ ጎመን ግን ከ500 ማይክሮግራም በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ያውም ተቀቅሎ ተለክቶ! ደግሞም ይህ ቫይታሚን በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ሰውነት ከጥሬው ቅጠል ይልቅ ዘይት ካገኘው ቅጠል አብልጦ ይወስደዋል። ስለዚህ ከቀፊራ ገበያ የገዛችውን ጎመን ከትፋ፣ ቀይ ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልታ፣ ከማውረዷ በፊት ቃሪያ ጣል የምታደርግበት እናት፣ ባለሙያው ሊመክራት የሚገባውን ቀድማው እየሠራች ነው። ቆስጣውም እንዲሁ ነው። እንግዲህ በየትኛው ድፍረት ነው ይህችን ሴት ከመሶቧ አስነስቶ ወደ መድኃኒት መደብር የሚሰዳት?

ቫይታሚን ኬ ለአጥንት ምኑም አይደለም አላልኩም። ኦስቲዮካልሲን የተባለው የአጥንት ፕሮቲን ካልሲየምን አጥብቆ የሚይዘው በእሱ እገዛ ነው፤ ጃፓንም ኬ2 የተባለውን የዚህን ቫይታሚን ዓይነት በቀን 45 ሚሊግራም ለአጥንት መሳሳት ሕክምና ታዝዛለች። ይሁን እንጂ ያ መጠን በየመደርደሪያው ከምናየው እንክብል በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። በካናዳ በ440 ያረጡ ሴቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት ደግሞ በቀን 5 ሚሊግራም ኬ1፣ ማለትም በቅጠላ ቅጠል የሚገኘውን ዓይነት፣ መውሰድ የአጥንት ጥግግት መቀነሱን እንዳልገታ አሳይቷል። በዚያው ጥናት እንክብሉን በወሰዱት ላይ የታየው ስብራት አነስተኛ ነበር ብሎ የሚከራከረኝ አይጠፋም፤ ጥናቱ ግን ስብራትን ለመመዘን የተዘጋጀ አልነበረም።

ይበልጥ ያስቆጣኝ ሳይነገር የቀረው ነው። የልብ ቫልቫቸው በብረት ተተክቶ ዕድሜ ልካቸውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሴቶች በመካከላችን አሉ። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የቫይታሚን ኬን ሥራ በመግታት ነውና፣ ከእነርሱ አንዷ ያን ምክር ሰምታ ለሐኪሟ ሳትነግር እንክብሉን ብትጀምር መድኃኒቱ ይዳከማል፤ በቫልቩ ላይ የሚረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎሏ ሊሄድ ይችላል። ጎመን እንኳ ለእነርሱ አንድ ሳምንት በገፍ፣ ሌላ ሳምንት ጭራሹን ቀርቶ የሚበላ አይደለም። ለዚህ አንዲት ዐረፍተ ነገር የሚሆን የአየር ሰዓት ጠፋ?

ዝግጅቱ ማረሚያ ሊያሰማ ይገባል፤ ያውም እንክብሉን ባስተዋወቀበት ሰዓትና በዚያው ርዝመት።