የኬሚስትሪ የመጀመሪያው ቀን በሊጥ ይጀመር

አዲስ ተማሪዎች ክፍሌ ሲገቡ ሁሌም የማቀርብላቸው ጥያቄ አለ። «ኬሚስትሪን መርጦ የመጣ ማነው?» ሁለት ሦስት እጅ ይነሳል። የቀሩት «ተመድበን ነው» ይላሉ። ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ ፈልገው ኬሚስትሪ የደረሳቸው ናቸው። ፊታቸው ያስታውቃል።

ታዲያ ለእነዚህ ልጆች በመጀመሪያው ቀን ምን እንሰጣቸዋለን? ፔሪዮዲክ ቴብል፣ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ! ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም። ልጆቹ ድሮም ሸምድደውታል፤ እንደገና ይሸመድዱታል። የሚያሳዝነኝ፣ ሰንጠረዡ ራሱ የድፍረት ሥራ መሆኑ ነው። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ በ1869 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ገና ላልተገኙ ንጥረ ነገሮች ክፍት ቦታ ትቶ ነበር። በ1875 ጋሊየም ተገኘና ከክፍቶቹ አንዱን ሞላ። ይህን የመሰለ ታሪክ ወደ ሽምደዳ ቀይረነዋል።

እኔ አሁን የምጀምረው በሊጥ ነው።

ነገሩ የመጣው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ስለ ሪአክሽን ፍጥነት እያስተማርኩ «ሙቀት ሲጨምር ምን ይሆናል?» አልኩ። ጸጥታ። ጥያቄውን ቀየርኩት፦ «የእንጀራ ሊጥ ቶሎ የሚቦካው ቆላ ነው ደጋ?» ክፍሉ ተንጫጫ። ከኋላ የሚቀመጥ የደብረ ብርሃን ልጅ ነበር፤ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ተነሳና «እናቴ በብርድ ጊዜ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልላ ምድጃ አጠገብ ነው የምታስቀምጠው። ካልሆነ እንጀራው ዓይን አያወጣም» አለ።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ አልበቃንም። እርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ስኳሩን እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ያወጣሉ። ኮምጠጥ የሚያደርገው አሲዱ ነው። ጋዙ ደግሞ ምጣዱ ላይ ሙቀት ሲያገኘው ወደ ላይ ወጥቶ ይፈነዳል፤ ዓይኑን የሚሠራው እሱ ነው። አንዲት ልጅ «አብሲቱስ ለምንድነው?» አለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጤፍ እንደ ስንዴ ግሉተን፣ ማለትም ሊጡን አያይዞ ጋዙን የሚይዝ ፕሮቲን፣ የለውም። አብሲቱ ሲበስል ስታርቹ ይወፍራል፣ ጋዙን ይዞ ለማቆየት ይረዳል። እናቶቻችን ይህን የደረሱበት ሞክረው፣ አበላሽተው፣ እንደገና ሞክረው ነው። እኛም ቤተ ሙከራ ውስጥ የምንሠራው ይህንኑ ነው።

በዚያ ቀን «ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል ወይ?» ያለ አንድም ልጅ አልነበረም። ይህ ለመምህር ምን ማለት እንደሆነ ያስተማረ ያውቀዋል።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ትምህርቱን ዝቅ ማድረግ ነው ይላሉ። አልስማማም። በዚያው ክፍለ ጊዜ ሙቀት የሪአክሽንን ፍጥነት እንዴት እንደሚለውጥ የሚያሳየውን የአሬኒየስን ቀመር ሰሌዳው ላይ ጽፌያለሁ። ልዩነቱ፣ ልጆቹ ቀመሩ ስለምን እንደሚናገር አስቀድመው ማወቃቸው ነው። በጀትን የሚተካ ዘዴ ነው ማለቴም አይደለም። ኬሚካልና መሣሪያ የሌለው ላብራቶሪ ላብራቶሪ አይደለም፤ መሟላት አለበት። ግን እስኪሟላ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለብንም። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅሉና ውሃውን ለሁለት ክፈሉት። ሎሚ ሲነካው ይቀላል፤ የዳቦ ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አሲድና ቤዝ ማለት ይኸው ነው፣ በአንድ ሎሚ ዋጋ።

ለዚህ ዓይነት ትምህርት ትልቁ ምስክሬ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና እንዶዱን መርምረው በሽታውን መከላከያ እንዲሆን ደከሙበት። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አገኙ። እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ኬሚካል ስላለው ነው። በዚያ ወንዝ ዳር ስንት ሰው አልፏል! ቆሞ «ለምን?» የሚል ሰው ነው የጠፋው። ከየክፍሉ እንዲህ የሚል አንድ ልጅ ቢወጣልን እላለሁ፣ ተመድቦም ቢሆን መጥቶ።

የደብረ ብርሃኑ ልጅ በሳምንቱ ቢሮዬ መጣ። ለእናቱ ደውሎ የክፍሉን ወሬ ነግሯቸው ኖሯል። እሳቸውም አንዱን ሊጥ ለሁለት ዕቃ ከፍለው፣ አንዱን በጋቢ ጠቅልለው ሌላውን እንዲሁ ትተው፣ ጠዋትና ማታ ከፍተው አይተዋል። የተጠቀለለው በሁለተኛው ቀን ቦካ። ሌላው አራት ቀን ፈጀ። ልጁ ሰዓቱን ሁሉ በስልክ እየጠየቀ ደብተሩ ላይ መዝግቦት ነበር።