ሲሚያስ ያነሳው ጥያቄ መልስ አላገኘም

«ለጥንት ግሪኮች ነፍስ ዘላለማዊት ናት፣ ሥጋ ደግሞ እስር ቤቷ ነው» ሲባል እንሰማለን። ይሄ የፕላቶ ሐሳብ ነው። የግሪኮች ሁሉ ማድረግ ግን ልክ አይመስለኝም። እንዲያውም ለዚህ ሐሳብ ከባዱ ተቃውሞ የሰፈረው እዚያው በፕላቶ መጽሐፍ፣ በ«ፋይዶን» ውስጥ ነው።

መጽሐፉ የሶቅራጥስን የመጨረሻ ቀን ይተርካል። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 399 ዓመት፣ ቦታው የአቴና እስር ቤት ነው። ሞት ተፈርዶበት ማምሻውን መርዝ ይጠጣል። ወዳጆቹ ከበውታል (ፕላቶ አልነበረም፤ ታሞ ነበር መሰለኝ ይላል ተራኪው)። ሶቅራጥስ ግን አይጨነቅም። ፈላስፋ ዕድሜውን ሙሉ ሞትን ሲለማመድ የኖረ ሰው ነው፣ ነፍስ እውነትን ጥርት አድርጋ የምታየው ከሥጋ ስትላቀቅ ነው ይላቸዋል።

የቴብስ ሰው ሲሚያስ ይሄ አልተዋጠለትም። የሚያነሳው ሊራን ነው፤ የእኛ ክራር ዘመድ። እንጨቱና ጅማቱ ይዳሰሳሉ። ቅኝቱ ግን አይታይም፣ አይጨበጥም፣ መለኮታዊ ነገር ይመስላል። ታዲያ እንጨቱ ሲሰበር፣ ጅማቱ ሲበጠስ ቅኝቱ ብቻውን የት ይኖራል? ነፍስም የሥጋ ቅኝት ብትሆንስ?

ሶቅራጥስ ሲመልስ፣ መማር ከመወለዳችን በፊት የምናውቀውን ማስታወስ ነው ብለን ተስማምተናል፣ ስለዚህ ነፍስ ያኔም ነበረች፣ ቅኝት ደግሞ ከመሣሪያው አይቀድምም ይላል። ሲሚያስም እጁን ይሰጣል። እኔ ብሆን እንዲህ ቶሎ አልረታም ነበር። «መማር ማስታወስ ነው» የሚለውን ላልተቀበለ ሰው ይሄ መልስ ምንም አይፈይድም።

ሌላው መልሱ ግን ጉልበት አለው። ሰው ውሃ እየጠማው አልጠጣም ሊል ይችላል። ቅኝት መሣሪያውን ይከተላል እንጂ አያዝዘውም፤ ነፍስ ግን ሥጋን ትገታለች። ጥሩ። ግን ይሄ ቢበዛ ነፍስ ቅኝት አለመሆኗን ነው የሚያሳየው። ከሥጋ ተለይታ መኖሯን አያረጋግጥም።

አርስቶትልን የምወደው እዚህ ጋ ነው። የቅኝቱን ሐሳብ እሱም ይጥለዋል፤ ወደ መምህሩ ወደ ፕላቶ ግን አይመለስም። ዓይን ራሱን የቻለ እንስሳ ቢሆን ኖሮ ነፍሱ ማየት ትሆን ነበር ይላል። ሰሙና በሰሙ ላይ የታተመው ቅርጽ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት ብሎ መጠየቅም ለእሱ ከንቱ ነው፤ ነፍስና ሥጋም እንዲሁ። ነፍስ በሥጋ ውስጥ ያደረች እንግዳ አይደለችም፤ ሥጋውን ሕያው የሚያደርገው ነገር ራሱ ናት። ለዚህም ነው ተክልም ነፍስ አለው የሚለው፤ ይመገባል፣ ያድጋላ! አእምሮ ላይ ሲደርስ ብቻ ያመነታል። ምናልባት እሱ ይለይ ይሆናል ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፣ ተንታኞችም እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል።

ሌላው ግሪካዊ ፈላስፋ ኤፒኩሮስ (341–270 ከክርስቶስ ልደት በፊት) ማመንታት አያውቅም። ነፍስም ከረቂቅ አተሞች የተሠራች አካል ናት፣ ሰውነት ሲፈርስ ትበተናለች አለ፣ አለቀ። እሱም ቢሆን ሞት አያስፈራም ባይ ነው፤ ሞት ሲመጣ እኛ የለንምና። ትምህርት ቤቱን የከፈተው ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም። ከሶቅራጥስ ሞት መቶ ዓመት ሳይሞላ፣ እዚያችው አቴና ውስጥ ነው።